ባለ ሺህ ገጹ ሎን ቼኒ

የሰው ፊት እንደ ሸክላ የሚበጅ፣ እንደ ብራና የሚጻፍበት መሆኑን የሰው ልጅ የተረዳው ሲኒማ ከመፈልሰፉ እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ባሕር መሻገር አያሻም። ከቱም ከተማ ማዶ በኪቢሽ አካባቢ የሚኖሩት ሱሪዎች ነጭ አፈር በውኃ በጥብጠው ገላቸውንና ፊታቸውን ሲቀቡ፣ ቅቡ ሳይደርቅም በጣታቸው መስመር እየሳቡ ሲያስጌጡ የተመለከተ ሰው፣ ጥቂት አፈርና የለመደ እጅ የአንድን ሰው መልክ ምን ያህል ሊለውጡ እንደሚችሉ ያውቃል። ጥበቡ የሚተላለፈው በመጽሐፍ አይደለም፤ ታናሽ ከታላቁ እያየ ይወርሰዋል እንጂ።

በሰሜን አሜሪካ የተነሣ አንድ ተዋናይ ደግሞ በገዛ ፊቱ ላይ በሰም፣ በጥጥና በሙጫ እየሠራ ይህንኑ የገጸ ቅብ ጥበብ ለሌላ ዓላማ አዋለው፤ ይኸውም ተመልካችን ለማስደንገጥ፣ ከድንጋጤውም ቀጥሎ ለማሳዘን ነበር። ይህ ሰው ሎን ቼኒ ነው። የአስፈሪ ፊልም ገጸ ቅብ ዛሬ ትምህርት ቤትም ሽልማትም ያለው፣ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ቼኒ ሥራውን በጀመረበት ዘመን ግን የሚያስተምር መምህር ቀርቶ የሥራው መደብ እንኳ በስሙ አይታወቅም ነበር። ታዲያ ከማን ተማረ? የሕይወቱ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ፣ በየሙያው ራሱን በራሱ ያስተማረን ሁሉ የሚመለከት ነው።

ቼኒ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1883፣ በእኛ አቆጣጠር በ1875 ዓ.ም.፣ በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ፍራንክ ቼኒ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። እርሳቸውም ሆኑ እናቱ ኤማ መስማትና መናገር የተሳናቸው ነበሩ። የእናቱ አባት በ1874 በዚያው ክፍለ ሀገር መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሕፃኑ አፉን ከመፍታቱ በፊት በእጅና በፊት መናገርን ለመደ። በሌላው ቤት ፊት ለንግግር አጃቢ ነው፤ በቼኒ ቤት ግን ፊት ራሱ ንግግር ነበር።

ልጁ ገና የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ እናቱን ጽኑ የቁርጥማት በሽታ ያዛቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። እርሱም ትምህርቱን አቋርጦ አስታማሚ ሆነ። ሕመምተኛይቱ ከቤት መውጣት ስለማይችሉ የከተማው ወሬ የሚደርሳቸው በልጃቸው በኩል ብቻ ነበር። ልጁ ወደ ገበያው ይወጣል፤ የነጋዴውን አረማመድ፣ የሰካራሙን መወላገድ፣ የአሮጊቷን መጉበጥ ልብ ብሎ ያያል፤ ከዚያም ወደ አልጋው አጠገብ ተመልሶ ያየውን ሁሉ ያለ አንዳች ቃል በአካሉ ይተርካል። ተመልካቹ አንዲት ሴት፣ መድረኩም የመኝታ ክፍል ወለል ነበር። ትረካው ግልጽ ካልሆነ እናት አይረዱትም፤ ከተጋነነም አያምኑትም። በዚያ ክፍል ያሳለፋቸው ዓመታት ማንኛውም የተውኔት ትምህርት ቤት ሊሰጠው የማይችለውን የአስተውሎት ልምምድ ሰጡት።

ወጣቱ ለቤተ ሰቡ እንጀራ ሲል ያገኘውን ሥራ ሁሉ ሠርቷል። ፓይክስ ፒክ የተባለውን ተራራ ለሚጎበኙ መንገድ መርቷል፤ የግድግዳ ወረቀት ለጥፏል፤ በከተማው የኦፔራ ቤት የመድረክ ዕቃ አቀባይ ሆኗል። በ1902 ከወንድሙ ጋር መድረክ ላይ ወጣ፤ ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ ከሚዞሩ የሙዚቃ ተውኔት ቡድኖች ጋር ተጓዘ። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ አንድ ሰው አንድ ሥራ ብቻ ይዞ መቀመጥ አይችልም ነበር። ቼኒም ተዋናይ፣ ጨፋሪ፣ አስቂኝ፣ የመድረክ ኃላፊና የዳንስ አሠልጣኝ ሆኖ ሠራ፤ ልብስ አስተካከለ፤ ፊቱንም ራሱ ቀባ። የገጸ ቅብ ሣጥኑን መክፈትና መዝጋት የጀመረው በዚህ የዘላን ኑሮ ውስጥ ነው።

ወደ ፊልም ያመጣው ግን ምኞት ሳይሆን መከራ ነበር። በወጣትነቱ ክሌቫ ክሬይተን የተባለች ዘፋኝ አግብቶ በ1906 ክሬይተን የተባለ ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። ትዳሩ እየሻከረ ሄዶ፣ በሚያዝያ ወር 1913 ክሌቫ ባሏ በሚሠራበት በሎስ አንጀለስ ቴያትር ቤት ውስጥ መርዝ ጠጣች። ሕይወቷ ቢተርፍም ጉሮሮዋ ተጎድቶ የዘፈን ሥራዋ በዚያው አበቃ። ነገሩ በአደባባይ ስለተወራ ለቼኒም የቴያትሩ በር ተዘጋበት። ትዳሩ ፈረሰ፤ ልጁም አባቱ በ1915 ሄዝል ሄስቲንግስን አግብቶ ቤት እስኪያቆም ድረስ በሰው ቤት አደገ። መድረክ ያጣው ሰው ኑሮውን ለማሸነፍ በዚያን ጊዜ ከቴያትር ዝቅ ተደርጎ ይታይ ወደ ነበረው ወደ ፊልም ሥራ፣ ወደ ዩኒቨርሳል ኩባንያ ደጅ ሄደ።

የፊልም ኩባንያዎቹ ተዋናይ የሚመርጡት በመልኩ ነበር። ሽፍታ የሚፈልግ ሽፍታ የሚመስለውን፣ ቄስ የሚፈልግም ቄስ የሚመስለውን ከተሰለፈው ሕዝብ መካከል በጣቱ ይጠቁማል። አንድ መልክ ያለው ሰው በቀን አንድ ዕድል ብቻ አለው። ቼኒ ይህን አስተውሎ ሣጥኑን ይዞ ይቀርብ ነበር፤ የሚፈለገው ዓይነት ሰው ሲጠራ ያንን ሰው ሆኖ ይገኛል። በኋላ ዓለም የሚያደንቀው ጥበብ የተጀመረው እንግዲህ የዕለት ሥራ ላለማጣት በተደረገ ብልሃት ነው። ሆኖም የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ ስለተከለከለ በ1917 ገደማ ዩኒቨርሳልን ለቆ ራሱን ችሎ መሥራት ጀመረ።

ይህን ብልሃት ወደ ሙያ ለመለወጥ ግን ፊትን ብቻ ሳይሆን ካሜራንም ማወቅ ያስፈልግ ነበር። የዚያ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፊልም ለቀይ ቀለም ዕውር ነበርና ቀይ የተቀባ ከንፈር በሸራው ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊ ዐይንም ከመጠን በላይ ነጥቶ ባዶ ይመስላል። በመስተዋት ፊት ያማረ ቅብ በሸራው ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የመድረክ ተመልካች ሩቅ ነው፤ የፊልም ካሜራ ግን እስከ ቅንድብ ድረስ ይቀርባል። ስለዚህ በቀለም ብቻ ጥላ እየሠሩ ጉንጭን የጎደጎደ ማስመሰል አይበቃም፤ ፊቱ በእውነት ከፍና ዝቅ ማለት ነበረበት።

ለዚህ የተጠቀመባቸው ነገሮች ውድ አልነበሩም። ከሁሉ የበለጠው መሣሪያው ጥጥና ኮሎዲየን ነው። ኮሎዲየን ሐኪሞች ቁስል ለመሸፈን ይጠቀሙበት የነበረ፣ በኤተርና በአልኮል የሚሟሟ ፈሳሽ ነው፤ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ቆዳንም ይሰበስባል። ጥጡን በስሱ እየደራረቡ፣ በኮሎዲየን እያጣበቁና እየቀረጹ ሲሄዱ ጉንጭ ይወጣል፤ ጠባሳ ይፈጠራል። ለአፍንጫና ለቅንድብ ለስላሳ ሰም፣ ለጢምና ለፀጉር የተዋንያን ሙጫ፣ ለአፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ቆዳን ወደ ላይ ለመሳብ ደግሞ ስስ የዓሣ ቆዳ ነበሩት። ዛሬ የሚታወቀው የጎማ አረፋ ገና በሥራ ላይ አልዋለም ነበርና ትናንት የተሠራው ፊት ለዛሬ አያገለግልም። በየማለዳው ሁሉም ከባዶ ይጀመራል፤ ደግሞም ከትናንቱ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ስሙ የታወቀው በ1919 በወጣውና ዛሬ ጥቂት ቁራጮቹ ብቻ በተረፉለት ዘ ሚራክል ማን በተባለው ፊልም ነው። በዚያ ፊልም አካሉን አጣምሞ ልመና የሚያስመስል አጭበርባሪ ሆኖ ሠራ። በተከታዩ ዓመት ዘ ፔናልቲ በተባለው ፊልም በሐኪም ስሕተት በልጅነቱ ሁለት እግሮቹን ያጣ ወንጀለኛ ሆነ። እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ በቆዳ ማሰሪያ ከጭኑ ጋር አጣብቆ በማሰር፣ ጉልበቶቹን እንደ ባልዲ ባሉ መያዣዎች ውስጥ አስገብቶ ይሄድ ነበር። ደሙ ስለሚታገድ ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ መቆየት አይችልም፤ ማሰሪያው ይፈታል፣ እግሩ ይታሻል፣ እንደገና ይታሰራል። ተመልካቹ በሸራው ላይ ያየው ቁጣ ከፊሉ እውነተኛ ሕመም ነበር።

በ1923 በቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ላይ በተመሠረተው የኖትርዳም ጉብጥ ፊልም ኳዚሞዶን ሆነ። በጀርባው ላይ የተሠራው ጉብታ በአፈ ታሪክ ክብደቱ እየጨመረ ቢነገርም፣ ያለ አፈ ታሪክም ከባድ ነበር። አንዱን ዐይኑን በሰም ደፈነ፤ ጉንጮቹን በጥጥ አሳበጠ፤ ጥርሱን አጣመመ። ቅቡ ብቻ በየቀኑ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። ሆኖም ፊልሙ በመላው ዓለም ያገኘው ዝና የመጣው ከአስቀያሚነቱ ብቻ አይደለም። ኳዚሞዶ በሕዝብ ፊት ተገርፎ ውኃ ሲጠማው፣ ያች ልጃገረድ ውኃ ስታጠጣው፣ በዚያ የተበላሸ ፊት ላይ ምስጋና ይታያል። የመጀመሪያ ተመልካቹ እናቱ የነበሩት ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ጥጥና ሰም በታች ፊቱ መናገሩን እንዳያቋርጥ አድርጎ መሥራትን ያውቅበት ነበር። ከሌሎች የሚለየውም በዚህ ነው። ቅብ ፊትን የሚያደነዝዝ ከሆነ የእንጨት ጭምብል ከመሆን አያልፍም።

ከሁሉ የላቀው ሥራው በ1925 የወጣው የኦፔራው መንፈስ ነው። በጋስቶን ለሩ ልብ ወለድ እንደተጻፈው በፓሪስ ኦፔራ ቤት ምድር ቤት ውስጥ የሚኖረው ኤሪክ ፊቱ እንደ ራስ ቅል ነው። ሰም በመጨመር አፍንጫን ማሳደግ ቀላል ነው፤ ያለውን አፍንጫ ማሳጣት ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ቼኒ የአፍንጫውን ጫፍ በስስ የዓሣ ቆዳ ወደ ላይ ስቦ ሰቀለው፤ የአፍንጫውን ቀዳዳዎችና የዐይኖቹን ዙሪያ አጠቆረ፤ ጉንጩን በጥጥና በኮሎዲየን አጎላ፤ ከንፈሩን ገፍተው የሚወጡ ጥርሶች አስገባ። ኩባንያው ፊቱ በጋዜጣ ላይ እንዳይወጣ ደብቆ አቆየው። በፊልሙ ውስጥ ልጃገረዲቱ ከበስተኋላው ቀርባ ጭምብሉን ስትገፍፍ ፊቱን አስቀድሞ የሚያየው ተመልካቹ ነው፤ እርሷ የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ሁለት ጊዜ ይደነግጣል፤ መጀመሪያ ስለ ራሱ፣ ቀጥሎም ስለ እርሷ። ይህ ትዕይንት ከመቶ ዓመት በኋላም የአስፈሪ ፊልም ሠሪዎች መማሪያ ነው።

ከዚህ በኋላ በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ፣ በተለይም ከአዘጋጁ ከቶድ ብራውኒንግ ጋር፣ በተከታታይ ሠራ። በ1927 ዘ አንኖውን በተባለው ፊልም ክንድ የሌለው ቢላዋ ወርዋሪ ሆኖ ታየ። በእግር ጣት የሚሠራውን ረቂቅ ሥራ በከፊል ክንድ አልባ የሆነ ሌላ ሰው ይሠራለት ነበር፤ ፊቱና ትከሻው ግን የቼኒ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚስተር ው በተባለው ፊልም ሽማግሌ ቻይናዊ ለመሆን ሰዓታት የሚፈጅ ቅብ ሠራ። ለንደን አፍተር ሚድናይት በተባለው ደግሞ በስስ ሽቦ ዐይኖቹን አፍጥጦ፣ የሾሉ ጥርሶች አስገብቶ ቀረበ። የዚህ ፊልም የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1965 በኩባንያው መጋዘን በተነሣ እሳት ስለጠፋ ዛሬ የሚታወቀው በፎቶግራፎቹ ብቻ ነው። ከ150 በላይ ከሆኑት ፊልሞቹ አብዛኞቹም እንዲሁ ጠፍተዋል።

ያለ ቅብ መሥራት እንደሚችልም በ1926 አሳይቷል። በዚያ ዓመት የአሜሪካን የባሕር ኃይል ወታደር አሠልጣኝ ሆኖ በገዛ ፊቱ በሠራው ፊልም ምክንያት የባሕር ወታደሮቹ የክብር አባላቸው አደረጉት። በግል ኑሮው ግን ከአደባባይ የሚሸሽ ሰው ነበር። የዕረፍት ጊዜውን በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ዓሣ በማጥመድ ያሳልፍ ነበር። በዚያ ያሠራትን የድንጋይ ጎጆ ንድፍ ያወጣው የታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ መሐንዲስ ፖል ዊልያምስ ነው።

በሥራውም ብቻውን ነበር። ፊቱን የሚቀባለት ሰው አልነበረም፤ ከአጠገቡ ሆኖ ሥራውን የሚለምድ ደቀ መዝሙር አላሳደገም። ይህ ብቸኝነት ለዝናው ጠቅሞታል፤ ለሙያው ግን ትልቅ አደጋ ነበር። ሰውየው ከሞተ ጥበቡም አብሮ ይቀበራልና። ደግነቱ ቼኒ ይህን በር ፈጽሞ አልዘጋውም። የገጸ ቅብ ባለሙያው ሴሲል ሆላንድ በ1927 ላሳተመው መጽሐፍ መቅድም ጻፈ፤ በ1929 በወጣው በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ዐሥራ አራተኛ እትም ውስጥም ስለ ገጸ ቅብ የሚናገረውን ጽሑፍ አቀረበ። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ በዓለም ከታወቁት መዛግብተ ዕውቀት በአንዱ ውስጥ የሙያው መምህር ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የ1920ዎቹ ዓመታት ሲያልቁ የፊልም ሥራ ከሥሩ ተናጋ። አዲሱ የፊልም ዓይነት ቀይን ጭምር ማየት ስለጀመረ፣ የስቱዲዮው መብራትም ስለተለወጠ የቅቡ ቀመር ሁሉ እንደገና መሠራት ነበረበት። ከዚህም የባሰ ለውጥ ተከተለ፤ ፊልም መናገር ጀመረ። ለድምፅ አልባው ዘመን ንጉሥ ይህ አስጊ ነገር ስለነበር ቼኒ ጥቂት አመነታ። በመጨረሻ በ1930 ዘ አንሆሊ ስሪ የተባለውን የቀድሞ ፊልሙን በድምፅ እንደገና ሲሠራ፣ በአምስት ልዩ ልዩ ድምፆች ተናገረ፤ ድምፆቹ ሁሉ የራሱ መሆናቸውንም በመሐላ ፈርሞ አረጋገጠ። ሺህ ገጽ ያለው ሰው ብዙ ድምፅ እንዳለውም ታወቀ።

የሰማው ሕዝብ ግን ዳግመኛ አልሰማውም። የሳንባ ካንሰር ይዞት ነበርና ፊልሙ በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ከጉሮሮው ደም ፈስሶ በ47 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ ዐረፈ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ድምፁ ስለተዘጋ ከአስታማሚዎቹ ጋር የተነጋገረው ከእናትና ከአባቱ በተማረው የእጅ ቋንቋ እንደነበር ይነገራል። የባሕር ወታደሮች በቀብሩ ላይ የክብር ዘብ ቆሙለት። የገጸ ቅብ ሣጥኑን ባለቤቱ ለሎስ አንጀለስ ሙዚየም ሰጠች።

ጥበቡ ከእርሱ ጋር እንዳልተቀበረ ብዙም ሳይቆይ ታየ። በ1931 ከግሪክ አገር የመጣው ጃክ ፒርስ በዩኒቨርሳል ቦሪስ ካርሎፍን የፍራንከንስታይን ፍጡር ሲያደርገው፣ ግንባሩን የገነባው በዚያው በጥጥና በኮሎዲየን ነበር። የቼኒ ልጅ ክሬይተንም አባቱ በሕይወት ሳሉ ባልወደዱለት የተዋናይነት ሥራ ገብቶ፣ በ1941 በዚሁ በፒርስ እጅ ተቀብቶ ተኩላ ሰው ሆነ። ከዚያ በኋላ የተነሣው ዲክ ስሚዝ ሙያውን የጀመረው ተማሪ ሳለ ባገኘው አንድ የገጸ ቅብ መጽሐፍ ነው። ያወቀውን ሳይደብቅ በ1965 ለወጣቶች መመሪያ አሳተመ፤ ለሚጽፉለት ልጆችም መልስ ይሰጥ ነበር። ከእነዚህ ልጆች አንዱ የነበረው ሪክ ቤከር በ1982 ለገጸ ቅብ የተመደበውን የመጀመሪያውን ቋሚ የኦስካር ሽልማት ተቀበለ።

ቼኒ ካረፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1927 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴያትር የሚባለው ቤትም በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በሀገራችን መድረክ ላይ ሽማግሌውን ያሸመገለ፣ ቁስለኛውን ያቆሰለ እጅም ያለ ትምህርት ቤት ብዙ ደክሟል። እንዲህ ያለው እጅ ከቼኒ ሁለት ነገር ሊማር ይችላል። አንደኛው መጠንቀቅ ነው። ቼኒ አካሉን ያለ ምሕረት መሣሪያ አድርጎታል፤ ዛሬ የተሻለ ዕቃና ዕውቀት ስላለ ማንም ባለሙያ ለአንድ ትዕይንት ሲል ዐይኑንም እግሩንም አደጋ ላይ ሊጥል አይገባውም። ሁለተኛው መጻፍ ነው። ከቼኒ ፊልሞች ብዙዎቹ ተቃጥለዋል፣ በስብሰዋል፤ ፊቱም አፈር ሆኗል። በመጽሐፍ ላይ ያሰፈረው ጥቂት ገጽ ግን ስለ ሙያው በራሱ አንደበት ዛሬም ይናገራል። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው መምህር አልነበረውም ሲባል እውነቱ ግማሽ ነው፤ ቼኒን ያስተማሩት የማይሰሙ እናትና ዝምታ የነገሠበት ቤት ናቸውና። ከእነርሱ የተቀበለውን ዕዳ የከፈለው ያወቀውን ጽፎ በማለፉ ነው፤ ሙያ የሚወርሰውም ይህን ዕዳ ይወርሳል።